የባክቴሪያ አነቃቂ ፕሮቲኖች ዘረመልን የሚያስቀዱት እንዴት ነው?

አነቃቂ ፕሮቲን የሚባለው ከዲኤንኤ ጋር ተጣብቆ በአጠገቡ ያለው ዘረመል በብዛት እንዲቀዳ፣ ማለትም መልእክቱ ወደ አርኤንኤ እንዲገለበጥ፣ የሚያደርግ ፕሮቲን ነው። በባክቴሪያ ውስጥ እጅግ ከተጠኑት አንዱ ካፕ ነው፤ ሥራውን ለመረዳት ከአንድ ብርጭቆ ወተት መነሣት ይቻላል።

ጅማ ላይ ማለዳ ወተቱን የሚጠጣ ጎልማሳ የወተቱን ስኳር፣ ማለትም ላክቶስን፣ ሁሉንም ላይፈጨው ይችላል። ላክቶስ ሰባሪው ኢንዛይም በብዙ ጎልማሶች ዘንድ ስለሚቀንስ የተረፈው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች አንዱ ኢ. ኮላይ ነው። እርሱም የላክቶስ ዘረመሎቹን በከንቱ አያስቀዳም። ላክቶስ ሲመጣ፣ ዲኤንኤው ላይ ተቀምጦ ቅጂውን የሚያግደው አጋች ፕሮቲን ከዲኤንኤው ይለቃል፤ ግን መንገዱ ተከፈተ ማለት ሥራው ተጀመረ ማለት አይደለም።

ቀጂው ሞተር አርኤንኤ ፖሊሜሬዝ ነው። ሲግማ የተባለው ክፍሉ ቅጂው ከሚጀምርበት መነሻ 10 እና 35 ፊደል (የዲኤንኤ መሠረታዊ አሃድ) ያህል ወደ ኋላ ያሉ፣ እያንዳንዳቸው ስድስት ፊደል ያላቸው ሁለት ምልክቶችን ይፈልጋል። የላክቶስ ዘረመሎች ምልክቶች ከተመራጩ አጻጻፍ በሦስት ፊደል ይለያሉ። በዚህ ምክንያት ፖሊሜሬዙ ጸንቶ አይቀመጥም።

ካፕ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዳቸው 209 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ያላቸው ሁለት መንትያ ክፍሎች አሉት። ባክቴሪያው ከላክቶስ አስበልጦ የሚመርጠው ስኳር ግሉኮስ ሲያልቅ በሴሉ ውስጥ የሚበዛው ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ ትንሽ መልእክተኛ ሞለኪውል ሲገባበት ቅርጹ ይስተካከልና ጥምዝ ክንዶቹን በዲኤንኤው ሰፊ ቦይ ውስጥ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የክሪስታል ምስል ዲኤንኤው በካፕ ዙሪያ ወደ 90 ዲግሪ ታጥፎ አሳይቷል። ካፕ ከመነሻው 61 ፊደል ያህል ርቆ ተቀምጦ፣ በ156ኛውና በ164ኛው አሚኖ አሲድ መካከል ባለች ትንሽ ጥምዝ የፖሊሜሬዙን አልፋ ክፍል ጫፍ ይይዛል። ይህች ትንሽ ንክኪ የቅጂውን መጠን እጅግ ከፍ ታደርገዋለች፤ ለእኔ የዚህ ሳይንስ ትልቁ ድንቅ ይህ ነው።

ጋላክቶስ ለሚባለው ስኳር በሚሠሩት ዘረመሎች ዘንድ ካፕ ከመነሻው 41 ፊደል ያህል ብቻ ስለሚርቅ ፖሊሜሬዙን በሦስት ገጾቹ ይነካዋል። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ በሦስት እግሩ እንደሚጸና ሁሉ፣ ይህም አያያዝ የጸና ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በቴርመስ ቴርሞፊለስ ባክቴሪያ ላይ የታተመ ጥናት የዚሁ ዓይነት አነቃቂ የፖሊሜሬዙን ቅርጽ እንደማይለውጥ አሳየ። ሥራው ማጣበቅ ብቻ ነው።

ሌሎች ግን በጉልበት ይሠራሉ። የሜርኩሪ መርዝን የሚከላከሉ ዘረመሎች አዛዥ የሆነው መር አር፣ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ከተለመደው 17 ፊደል በልጦ 19 ስለሆነበት፣ ሜርኩሪ ሲይዝ ዲኤንኤውን ራሱን አጣሞ ምልክቶቹን ለሲግማ ያመቻቻል። በናይትሮጅን እጥረት ጊዜ የሚነሣው ኤንትር ሲ ደግሞ እንደ ቀለበት ተሰባስቦ፣ የሴሉን የኃይል ሞለኪውል ኤቲፒን እያቃጠለ፣ ሲግማ 54 የተባለው ሌላ ዓይነት ሲግማ ቆልፎ የያዘውን ፖሊሜሬዝ ያስከፍታል።

ግሉኮስ ሲመለስ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይቀንሳል፣ ካፕ ዲኤንኤውን ይለቃል፣ የታጠፈው ይዘረጋል፤ ፖሊሜሬዙም በእነዚያ ደካማ ምልክቶች ላይ ብቻውን ይቀራል።