በእንግሊዝ የቤት «ኢ ደረጃ» ምን ማለት ነው?

በእንግሊዝና በዌልስ ቤት ሲሸጥ ወይም ሲከራይ የኃይል ብቃት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ደረጃው ከኤ ጀምሮ እስከ ጂ ይወርዳል፤ ወረቀቱ 10 ዓመት ያገለግላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሚመዘነው ቤቱ እንጂ የእርስዎ የመብራት ቢል አይደለም። ገምጋሚው ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ መስኮቱንና ማሞቂያውን አይቶ ያሰላል። ብርድ ልብስ ተከናንበው ቢቆጥቡም ደረጃው ንቅንቅ አይልም።

ከኤፕሪል 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከኢ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት ማከራየት ክልክል ነው፤ ለንግድ ቤት ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ። ቀዳዳ ግን አለው፦ የመኖሪያ ቤት አከራይ ለማሻሻያ ከ3,500 ፓውንድ በላይ እንዲያወጣ አይገደድም። ያ ካልበቃ ለ5 ዓመት ከግዴታው ነፃ ሆኖ ይመዘገባል። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ ኤፍ ደረጃ ያለው ቤት ካቀረቡልዎ ከመፈረምዎ በፊት ይዩት።