ቦግ እልም የሚለው የሰሜን ብርሃን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ኮዬ ፈጬ በሚገኘው የኮንዶሚኒየም ብሎካችን ደረጃ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ አንዲት እናት ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ከተማ የሚኖረው ልጃቸው የላከላቸውን ቪዲዮ በስልካቸው አሳዩን። እንደ ተቆራረጠ ደመና የተበታተነ አረንጓዴ ብርሃን ቦግ ይላል፣ ይደበዝዛል፣ ተመልሶ እዚያው ቦታ ላይ ቦግ ይላል። እንደ መጋረጃ ከሚውለበለበው ከታወቀው አውሮራ (የሰሜን ብርሃን) የተለየው ይህ ብርሃን ለምን እንዲህ እንደሚርገበገብ እያንዳንዳችን የመሰለንን ተናገርን። ከተባለው አብዛኛው ትክክል አልነበረም፤ ሆኖም ሁሉም ከዕለት ኑሯችን የተነሣ ግምት ስለሆነ በጥንቃቄ መታየት ይገባዋል።

«ኮከብ እንደሚብለጨለጨው ሁሉ ይህንንም የሚያርገበግበው አየሩ ነው።» ኮከብ ከርቀቱ የተነሣ ነጥብ ብቻ ሆኖ ስለሚታየን፣ ከላያችን ያለው የሚናወጥ አየር ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ሲያጎብጠው ይብለጨለጫል። የዚህ አውሮራ አንዱ ቁራጭ ግን ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በአሥሮች፣ አንዳንዴም ከ100 በሚበልጡ ኪሎ ሜትሮች የተንጣለለ ነው። ይህን የሚያህል ብርሃን የአየር መናወጥ በአንድ ጊዜ ሊያደበዝዘው አይችልም። የሚደበዝዘው ብርሃኑ ራሱ ነው፤ ከላይ እየወረዱ የኦክስጅንና የናይትሮጅን ቅንጣቶችን የሚመቱት ኤሌክትሮኖች ቁጥራቸው ስለሚቀንስ ነው።

«ከፀሐይ የሚመጣው ኃይል ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው።» ይህን ያለው በኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደር ወጣት ጎረቤታችን ሲሆን፣ የመስመሩ ኃይል ሲወርድ አምፖል እንዴት እንደሚፈዝ በየቀኑ የሚያይ ሰው እንዲህ ቢያስብ አያስደንቅም። የፀሐይ ነፋስ (ከፀሐይ የሚፈስሰው የቅንጣቶች ጅረት) ግን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አቋርጦ እኛ ዘንድ ለመድረስ ቀናት ይፈጅበታል፤ የአውሮራው ምት ደግሞ የሰከንዶች ጉዳይ ነው። ከፀሐይ ነፋስ የተገኘው ኃይል በቀጥታ ወደ ሰማዩ ብርሃን አይሄድም፤ አስቀድሞ በመሬት መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ይጠራቀማል። በዚያ የተያዙት ኤሌክትሮኖች በመስኩ መስመሮች ላይ በሰሜንና በደቡብ መካከል ይመላለሳሉ፤ አብዛኞቹም አየሩ ዘንድ ሳይደርሱ ይመለሳሉ።

የሚመላለሱትን ኤሌክትሮኖች ከመንገዳቸው አስወጥቶ ወደ አየሩ የሚጥላቸው ኮረስ (በእንግሊዝኛ የኅብረት ዝማሬ ማለት ነው) የሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሞገዱ ወደ ድምፅ ሲለወጥ የንጋት ወፎች ጫጫታ ስለሚመስል ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው፤ እዚህ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለው ማሳ ዳር ጎሕ ሲቀድ የሚንጫጩትን የሰማ ሰው ስያሜው አይከብደውም። የሚወለደውም ዋልታ አጠገብ አይደለም፤ ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ (በመሬት መግነጢሳዊ መስክ ሁለት ዋልታዎች መካከል ካለው መስመር) በላይ፣ በአሥር ሺሆች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ነው። በየበረንዳችን የተከልነው ዲሽ ሥርጭት የሚቀበልባቸው ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይዞራሉ፤ የኮረስ ሞገድ መነሻም በግምት በዚያው ርቀት አካባቢ፣ ብዙውን ጊዜም ከእኩለ ሌሊት እስከ ጠዋት ባለው የመሬት ወገን ነው። ሞገዱ በበረታ ጊዜ ኤሌክትሮኖች ይፈስሳሉ፤ አንድ ሰከንድ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ወደ ዋልታው አየር ደርሰው ብርሃኑን ያፈኩታል። ሞገዱ ሲደክም ብርሃኑም ይደክማል። ከዚህም በላይ አንዱ የሞገድ ፍንዳታ በውስጡ ቅላጼያቸው ወደ ላይ የሚወጣ ብዙ አጫጭር ጩኸቶችን ስለሚይዝ፣ በፈካው ብርሃን ውስጥ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል የሚመላለስ ሌላ ረቂቅ መንቀጥቀጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 የመጠቀችው የጃፓን ሳተላይት አራሴ፣ ኮረሱንና የሚወድቁትን ኤሌክትሮኖች እዚያው ሩቅ ቦታ ላይ በአንድነት ለካች፤ ምቱም ካናዳ ውስጥ መሬት ላይ የተተከለ ካሜራ ከቀረጸው የአውሮራ ምት ጋር መግጠሙ በ2018 ይፋ ሆነ። እኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ አስደናቂው የምለው ይህንን ነው፤ የሰሜኑን ሰማይ ምት የሚመታው ከወገብ በላይ ያለው ሕዋ ነው።

«እንግዲያው እንጦጦ ላይ ብንወጣ እናየዋለን» ያሉት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አናየውም። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ፣ በአዲስ አበባ ሰማይ የመስኩ መስመሮች አግድም ተኝተዋል ማለት ይቻላል። ኤሌክትሮኖቹ የሚከተሏቸው የሩቆቹ መስመሮች ደግሞ መሬትን የሚነኩት በዋልታዎቹ ዙሪያ ነው።

«ብርሃን ብቻ ነው፤ የሚነካው ነገር የለም» የሚለውም አያስኬድም። ከሚፈስሱት ኤሌክትሮኖች መካከል ከፍተኛ ኃይል ያላቸው ከ80 ኪሎ ሜትር በታች ዘልቀው የናይትሮጅንና የሃይድሮጅን ኦክሳይድ ውህዶችን ይፈጥራሉ፤ እነዚህም በዚያ ከፍታ ያለውን ኦዞን ይቀንሱታል።

የቀረው ምቱ እንደ ሰዓት እኩል ነው የሚለው ሐሳብ ነበር፤ ቪዲዮውም ያንን ያጸና ይመስል ነበር። እውነተኛው ምት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ውስጥ ይዋዥቃል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁራጮችም የየራሳቸውን ምት ይከተላሉ። የስልክ ካሜራ በሌሊት ለአንድ ምስል ብዙ ሰከንድ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ቦግታውንና ድብዛዜውን አንድ ላይ ያዋህደዋል፤ የተፋጠነ ቪዲዮም ጊዜውን ያዛባል። እኚያ እናት ይህንን ለልጃቸው ነግረውት ኖሮ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳይፋጠን የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ላከላቸው። ደረጃው ላይ እንደገና ተሰብስበን አንዱን ቁራጭ ብቻ እየተከተልን ከቦግታ እስከ ቦግታ ቆጠርን፦ 7 ሰከንድ፣ ከዚያ 11፣ ከዚያ 6።