ቶሬስ ዴል ፓይኔን በእግር መዞር፦ የፓታጎኒያ የስምንት ቀን ጉዞና ዝግጅቱ

ቶሬስ ዴል ፓይኔ በቺሊ ደቡባዊ ጫፍ፣ ማጋያኔስ በሚባለው ክልል፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 51 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚገኝ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመ ሲሆን በ1978 ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል፤ ስፋቱም ከ180 ሺህ ሄክታር ይበልጣል። ስሙን ያገኘው ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ከቆሙ ሦስት የግራናይት ዓምዶች ነው። «ቶሬስ» በስፓኒሽ ማማዎች ማለት ሲሆን «ፓይኔ» ደግሞ በአካባቢው ነባር ሕዝብ ቋንቋ ሰማያዊ ማለት እንደሆነ ይነገራል፤ በተራራው ግርጌ የተኙትን ሐይቆች ያየ ሰው አባባሉን ለማመን አይቸገርም። ወደ ፓርኩ የሚመጡ እግረኞች በአብዛኛው ከሁለት መንገዶች አንዱን ይመርጣሉ። አንደኛው በካርታ ላይ የላቲኑን ደብልዩ ፊደል ስለሚመስል በዚሁ ስም የሚጠራው የአራት ወይም የአምስት ቀን መንገድ ነው። ሁለተኛው ተራራውን ሙሉ በሙሉ የሚዞረውና «ኦ» የሚባለው፣ እንደ አካሄዱ ከ110 እስከ 130 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የሰባት፣ የስምንት ወይም የዘጠኝ ቀን ጉዞ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው።

በሰሜን ተራሮች የተጓዘ ኢትዮጵያዊ ይህንን ጉዞ ሲያስብ በመጀመሪያ ሁለት ልዩነቶችን መያዝ አለበት። በሰሜን ተራሮች የሚፈታተነው ከፍታው ነው፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነውና። የኦ መንገድ ከፍተኛው ነጥብ ግን ከ1,200 ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ትንፋሽ አያሳጥርም፣ የከፍታ ሕመምም አያሰጋም። በአንጻሩ በሰሜን ተራሮች ስካውት አብሮ ይሄዳል፣ ጭነቱን በቅሎ ይሸከማል፣ ምግቡን አብሳይ ያዘጋጃል። በፓይኔ ግን ድንኳኑንም፣ ስንቁንም፣ ልብሱንም የሚሸከመው ተጓዡ ራሱ ነው። የእኔ እምነት ይህን ጉዞ ከሚያበላሹት ነገሮች አብዛኞቹ የሚወሰኑት ገና እግር መንገድ ሳይነካ፣ ቤት ተቀምጦ ቀን በሚቆጠርበትና ቦርሳ በሚመዘንበት ሰዓት ነው።

የጉዞው ወቅት ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። የደቡቡ ንፍቀ ክበብ በጋ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይውላል፤ በታኅሣሥ አጋማሽ የቀኑ ብርሃን ከ16 ሰዓት በላይ ስለሚቆይ ዘግይቶ የተነሳ ሰው እንኳ ሳይጨልምበት ካምፕ ይደርሳል። ነገር ግን ነፋሱ የሚበረታውም በዚሁ ጊዜ ነው። በእነዚህ ኬክሮሶች ዙሪያውን ውቅያኖስ እንጂ የብስ እምብዛም ስለሌለ፣ ከምዕራብ የሚነሳው ነፋስ የሚገታው ነገር ሳያገኝ መጥቶ ከአንዲስ ተራሮች ጋር ይላተማል። እርጥበቱን በደቡብ ፓታጎኒያ የበረዶ ሜዳ ላይ ያራግፍና በሸለቆዎቹ መካከል እየጠበበና እየፈጠነ ይወርዳል። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስበት ቀን ብርቅ አይደለም። በመጋቢት ነፋሱ ጋብ ይላል፤ «ሌንጋ» የሚባለው የአገሩ ዛፍም ቅጠሉ ይቀላል። ሌሊቱ ግን ይበርዳል፣ ቀኑም ያጥራል። ምርጫው ለእኔ ቢተው የካቲት መጨረሻን ወይም መጋቢትን እመርጣለሁ።

ከወቅቱ ቀጥሎ የሚመጣው ቦታ ማስያዝ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በፓርኩ ውስጥ ከተወሰነለት ካምፕ ውጭ ማደር ክልክል ነው። የየሌሊቱን ማደሪያ ያላስያዘ ሰው ወደ ኦ መንገድ እንዲገባ አይፈቀድለትም። ካምፖቹን በአብዛኛው የያዙት ሁለት የግል ድርጅቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ድረ ገጽ ስለሚያስይዙ የአንዱ ቀን ከሌላው ጋር እንዲገጥም ማድረግ የተጓዡ ድርሻ ነው። በዚህ ላይ የተራራውን ጀርባ መዞር የሚፈቀደው በአንድ አቅጣጫ፣ ከሰዓት ቆጣሪ ዘንግ አዟዟር በተቃራኒ ብቻ ነው። ስለሆነም የካምፖቹ ቅደም ተከተል የማይለወጥ ነው፦ ከሴንትራል ወደ ሴሮን፣ ከሴሮን ወደ ዲክሰን፣ ከዲክሰን ወደ ሎስ ፔሮስ፣ ከዚያም በሩን፣ ማለትም በተራሮቹ መካከል ያለውን ከፍተኛ መተላለፊያ፣ አቋርጦ ወደ ግሬይ። በመሐል አንዷ ሌሊት ከጎደለች ሌላው ሁሉ ይፈርሳል። ስለዚህ አስቀድሞ መያዝ ያለባቸው የጀርባዎቹ ካምፖች፣ ይልቁንም ዲክሰንና ሎስ ፔሮስ ናቸው። የፊት ለፊቶቹ ግን የደብልዩ መንገድም ስለሚያልፍባቸው በብዛትም በዓይነትም ይበልጣሉና በኋላ ሊሟሉ ይችላሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለቺሊ ቪዛ አስቀድሞ ማመልከት ስላለበት፣ የቪዛው ጊዜም ከዚሁ ስሌት ጋር አብሮ መታየት ይኖርበታል።

ወደ ፓርኩ መግቢያ የሆነችው ከተማ ፑዌርቶ ናታሌስ ናት። ከዋና ከተማው ሳንቲያጎ በአውሮፕላን፣ ወይም ከፑንታ አሬናስ 250 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዞ ይደረሳል። ድንኳን፣ ስሊፒንግ ባግና የጋዝ ምድጃ የሚያከራዩ ሱቆች ስላሏት ሁሉንም ነገር ከቤት ይዞ መምጣት ግድ አይደለም። የምድጃ ጋዝ በአውሮፕላን ስለማይጫን የሚገዛው እዚሁ ነው። ከናታሌስ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ ላጉና አማርጋ ከሚባለው መግቢያ ሲደረስ ጉዞው ይጀመራል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገራገር ናቸው። ከሴንትራል እስከ ሴሮን 13 ኪሎ ሜትር ያህል የአበባ መስክና የወንዝ ዳር ነው። በማግስቱ እስከ ዲክሰን ያለው 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ረዘም ቢልም፣ መጨረሻው ላይ ከኮረብታው አናት ሆኖ ወደ ታች ሲታይ ካምፑ በሐይቁና በወንዙ መካከል ባለች ለጥ ያለች መስክ ላይ ተኝቶ፣ ከኋላው የበረዶ ግግር ተደግኖ ይታያል። ግመል የሚዘመደው ጓናኮ፣ ኮንዶር የሚባለው ግዙፍ አሞራ፣ ዕድል የቀናውም ሰው ፑማ የሚያዩበት አገር ነው። ፑማ ያጋጠመው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ መሮጥ የለበትም፤ እጆቹን አንስቶ ትልቅ መስሎ እየታየ ዐይኑን ከእንስሳው ሳይነቅል ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ከፑማ ይልቅ ተጓዡን ዕለት ዕለት የሚያስቸግሩት ግን የካምፕ አይጦች ናቸው። ስንቁን ድንኳን ውስጥ ያሳደረ ሰው ጠዋት ድንኳኑንም ቦርሳውንም ተበስተው ያገኛቸዋል። ምግብ ከፍ ብሎ ይሰቀላል እንጂ መሬት ላይ አይቀመጥም።

የጉዞው ልብ አራተኛው ቀን ነው። ከሎስ ፔሮስ ተነስቶ ጆን ጋርድነር የሚባለውን በር አቋርጦ ግሬይ መድረስ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከአሥር ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። መንገዱ በጭቃማ ደን ውስጥ ይጀምርና ዛፉ ሲያልቅ ባዶ የድንጋይ ክምር ይሆናል፤ ከካምፑ እስከ በሩም ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ተጓዡ በሩ አፍ ላይ ሲደርስ ከወዲያ ማዶ የግሬይ የበረዶ ግግር በአንድ ጊዜ ፊቱ ላይ ይዘረጋል፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ስንጥቅጥቁ የወጣ፣ ዳርቻው በዐይን የማይደረስ የበረዶ ባሕር ነው። በፓርኩ ውስጥ ከዚህ የሚስተካከል እይታ አለ ብዬ አላምንም፤ ሦስቱ ማማዎች እንኳ ከዚህ በኋላ ሁለተኛ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ለጉልበት ፈተና ነው። በደኑ ውስጥ ገመድና የብረት መሰላል የተበጀላቸው ገደላማ ቦታዎች አሉ፤ ወረድ ሲባል ደግሞ ከጥልቅ ሸለቆዎች በላይ የተዘረጉ ተንጠልጣይ ድልድዮች ይጠብቃሉ። ለዚህ ቁልቁለት ሁለት ምርኩዝ መያዝ ጉልበትን ያተርፋል።

ይህ በር በመጥፎ ቀን ይገድላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በበሩ አካባቢ ድንገት የተነሳ የበረዶ ዐውሎ አምስት የውጭ አገር ተጓዦችን ለሞት ዳርጓል። ወሩ የጉዞው ወቅት የሚከፈትበት እንጂ ክረምት አልነበረም። ስለዚህ በዝግጅቱ ላይ ከሁሉ በፊት መግባት ያለበት ነገር ቢቻል አንድ ትርፍ ቀን ነው። ትርፍ ቀን የሌለው ሰው በማግስቱ የተያዘ ካምፕ፣ ከዚያም የተያዘ አውቶቡስና አውሮፕላን ስላለበት፣ ሰማዩ እየጠቆረ እያየ ወደ በሩ ይወጣል። ጠባቂዎች መንገዱ ተዘግቷል ሲሉ ተዘግቷል ማለት ነው። ክፍት ነው በተባለ ቀንም ጎህ ሲቀድ መነሳት፣ በቡድን መሄድ፣ ነፋሱ ቆሞ መራመድ ሲከለክል ደግሞ ያለ ሐፍረት ወደ ሎስ ፔሮስ መመለስ ይገባል። የተያዘው ካምፕ ገንዘብ ይቀልጣል፤ ይቅለጥ።

የቦርሳው ጉዳይ ከነፋሱ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ሰው በቦርሳው ላይ የሚያለብሰውን የዝናብ ሽፋን ነፋስ ገንጥሎ ይወስድበታል። ከዚህ የሚሻለው የቦርሳውን ሆድ በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ሸፍኖ፣ ስሊፒንግ ባጉንና የመኝታ ልብሱን በዚያ ውስጥ አጥብቆ ማሰር ነው። ውጭው ቢርስም ማታ የሚለበስ ደረቅ ልብስ አለ ማለት ነው። ለመሄጃ አንድ፣ ለመኝታ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ቅያሪ ልብስ ይበቃል። የጥጥ ልብስ ከረጠበ ስለማይደርቅ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይመረጣል። ድንኳኑ ዝቅ ያለና ጠንካራ ዘንግ ያለው መሆን አለበት፤ ካስማው በድንጋይ ይጫናል፣ ገመዱም ሁሉ ይወጠራል፣ ተጓዡ በመጣበት ሰዓት ነፋስ ባይኖርም እንኳ። አዲስ ጫማ ለብሶ ወደዚህ መምጣት እግር ውኃ እንዲቋጥር መጋበዝ ስለሆነ፣ ጫማው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ በእግር መለመድ አለበት።

ስንቅን በተመለከተ፣ ለአንድ ሰው በቀን ከ600 እስከ 700 ግራም ደረቅ ምግብ ቢታሰብ ለስምንት ቀን አምስት ኪሎ ያህል ይመጣል። የቦርሳው አጠቃላይ ክብደት ከ15 ኪሎ ባያልፍ ይመረጣል። ምንጮቹና ጅረቶቹ ብዙ ስለሆኑ ውኃ ተሸክሞ መሄድ አያስፈልግም፤ ከካምፕ በላይ ካለው ጅረት መቅዳት፣ ጥርጣሬ ካለም አጣርቶ ወይም አፍልቶ መጠጣት ነው። ከአገር ቤት ስንቅ ይዞ ለመምጣት የሚያስብ ሰው ግን ቺሊ ከእንስሳትና ከዕፅዋት የተገኘን ነገር ሁሉ በመግቢያው ላይ እንደምታስመዘግብና ፍራፍሬ፣ ዘር ወይም ማር ደብቆ የተገኘን ሰው እንደምትቀጣ ይወቅ። ደግነቱ ለሐበሻ መንገደኛ የሚሆን ነገር እዚያው አለ። ቺሊዎች «አሪና ቶስታዳ» የሚሉት የተቆላ የስንዴ ዱቄት በየሱቁ ይሸጣል። በውኃና በስኳር በጥብጠው «ኡልፖ» ብለው ይጠጡታል። አሠራሩም አገልግሎቱም የእኛው በሶ ነው፤ ልዩነቱ ገብሱ በስንዴ መተካቱ ብቻ ነው። ምድጃ ማንደድ በማይቻልበት ነፋሻማ ጠዋት አንድ ኩባያ ውስጥ በጥብጦ ጠጥቶ መነሳት ይቻላል፤ የአያቶቻችን ዘማች ሲያደርገው እንደኖረው ማለት ነው። በግሬይና ከእርሱ ቀጥሎ ባለው በፓይኔ ግራንዴ ካምፕ ያሉት ማረፊያ ቤቶች ምግብ ስለሚሸጡ የመጨረሻዎቹን ቀናት ስንቅ ማቅለል ይቻላል፤ ዋጋቸው ግን ከከተማው በብዙ ይበልጣል።

እሳትን በሚመለከት ሕጉ ምሕረት የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1985፣ በ2005 እና ከ2011 ማብቂያ እስከ 2012 መግቢያ በደረሱት ሦስት ታላላቅ ቃጠሎዎች በእያንዳንዳቸው ከአሥር ሺህ በላይ ሄክታር ተቃጥሏል። ሦስቱም የተነሱት በጎብኚዎች እጅ ነው። የ2005ቱን ያስነሳው ባልተፈቀደ ቦታ የተለኮሰ አነስተኛ የማብሰያ ምድጃ ነበር። ሌንጋ አዝጋሚ ዕድገት ያለው ዛፍ በመሆኑ ዛሬም በመንገዱ ላይ የነጣ ግንድ እንደ አጥንት ቆሞ ይታያል። ስለሆነም እንጨት ማንደድ ፈጽሞ የተከለከለ ሲሆን፣ የጋዝ ምድጃም በየካምፑ በተዘጋጀው ማብሰያ ቤት ውስጥ ብቻ ይለኮሳል። በድንኳን አፍ ላይ ሻይ ማፍላት እንኳ ከፓርኩ ያስባርራል።

ካምፕ አስይዞ፣ በጠባቂ ተቆጥሮ መጓዝ የማይወድ ሰው ከዚህም ወደ ደቡብ የናቫሪኖ ደሴት አለለት። በዚያ «ዲየንቴስ» ማለትም ጥርሶች የሚባሉትን ሾጣጣ ተራሮች የሚዞር የአራት ወይም የአምስት ቀን መንገድ አለ። ርዝመቱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ማረፊያ ቤት የለውም፤ ምልክቱ በድንጋይ ቁልል የሚታወቅ ነው፤ ከካናዳ ወደ አጎራባቹ ደሴት መጥተው የበዙት ቢቨር የሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት ወንዞቹን እየገደቡ መንገዱን ረግረግ አድርገውታል። መነሻው ፑዌርቶ ዊሊያምስ ናት። ተጓዡ ከመነሳቱ በፊት ስሙንና የሚመለስበትን ቀን በከተማዋ ፖሊስ ጣቢያ ያስመዘግባል። ሲመለስም መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያው ጣቢያ ነው፤ ስሙ ካልተሰረዘ ጠፍቷል ተብሎ ፍለጋ ይወጣለታልና።