የእንግሊዝ ባላባቶች የጋብቻ ጋሻዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሺር ውስጥ፣ ጊሊንግ የሚባል ግንብ አለ። የትልቁ አዳራሽ መስኮቶች የቤተሰብ መለያ ምልክት (ዓርማ) በተሣለባቸው፣ በቀለም መስታወት በተሠሩ ጋሻዎች ያሸበረቁ ናቸው፤ የሠሪው የበርናርድ ዲኒንክሆፍ ስምና 1585 የሚለው ዓመት (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ) ተጽፎባቸዋል። ያሠራቸው የአገሩ ባላባት ሰር ዊሊያም ፌርፋክስ ነው። ስለ እንዲህ ያሉ ጋሻዎች የሚነገረው ስሕተት የሚያሳዝነኝ የአንድን ቤተሰብ መዝገብ ሳይነበብ ስለሚያስቀረው ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት ጋሻ ስለሆነ የጦር ጀብዱ ይናገራል የሚለው ነው። በ1585 ግን እንዲህ ያለ ጋሻ ይዞ የሚዘምት አልነበረም። የጊሊንግ መስኮቶች የሚናገሩት ማን ማንን እንዳገባ ነው፤ አንዱ መስኮት የፌርፋክሶችን ጋብቻ፣ ሌላው የሰር ዊሊያምን ሚስት ወገን፣ የስቴፕልተኖችን ያሳያል።

ለሁለት የተከፈለ ጋሻ ያየ ሰው ደግሞ ሁለቱ ቤተሰቦች ለዘለዓለም አንድ ዓርማ እንደያዙ ያስባል። ጋሻው የአንድ ባልና ሚስት ብቻ ነው። የባል ዓርማ በተመልካቹ ግራ፣ የሚስት በቀኝ ይቀመጣል፤ በዓርማ ሕግ ግን የባሉ ወገን “ቀኝ” ይባላል፣ ምክንያቱም አቅጣጫው የሚቆጠረው ጋሻውን ከያዘው ሰው አንጻር ነው። ልጆቹ እንደ ደንቡ የሚወርሱት የአባታቸውን ዓርማ ብቻ ነው።

“እንግዲያው ሴቶች ቦታ የላቸውም” የሚለው መደምደሚያ ከዚህ ይመጣል፤ ከሁሉ የከፋው ስሕተትም ይኸው ነው። ወንድም የሌላት፣ ወይም ወንድሞቿ ዘር ሳይተኩ የሞቱባት ሴት የአባቷን ዓርማ ትወርሳለች። ባሏ የእርሷን ዓርማ በትንሽ ጋሻ አድርጎ በራሱ ጋሻ መሐል ያኖረዋል፤ ልጆቿም የሁለቱን ወላጆቻቸውን ዓርማ በአራት በተከፈለ ጋሻ አጣምረው ለልጅ ልጅ ያወርሳሉ። አንዲት ጋት መሬት ባይኖራትም ዓርማው ይተላለፋል። የጊሊንግ ታሪክ ራሱ ምስክር ነው፦ በ14ኛው መቶ ዘመን አንድ ፌርፋክስ የግንቡን ባለቤቶች የኤተኖችን ልጅ ማርጋሬትን አገባ፤ የኤተኖች ዘር ሲቋረጥ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የማርጋሬት ተወላጆች በዚያ ጋብቻ ርስቱን ጠይቀው አገኙ። በእናት ወገን ርስት ሲጠየቅ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም።

ብዙ ክፍል ያለው ጋሻ የላቀ ክብርን አያመለክትም። በየትውልዱ ወራሽ ሴት ያገባ ቤተሰብ፣ እርሷ ከአያቶቿ ያገኘችውን ዓርማ ሁሉ ጨምሮ ይሰበስባል። ስቶው በተባለው የእንግሊዝ ባላባቶች ትልቅ ቤት፣ የግሬንቪል ቤተሰብ ዓርማ ክፍሎች 719 የደረሱት በዚህ መንገድ ነው።

የቤተሰብ ስም ያለው ሁሉ ዓርማ አለው ብለው የሚሸጡ ሱቆችም አሉ። ዓርማ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለስም አይደለም፤ ፌርፋክስ ተብሎ መጠራት ብቻውን በፌርፋክሶች ጋሻ ላይ መብት አይሰጥም። ይህን የሚቆጣጠረው በ1484 በለንደን የተቋቋመው፣ የዓርማ ኮሌጅ የተባለው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ሹማምንቱ ከ1530 ጀምሮ እስከ 17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ በየአውራጃው እየዞሩ የባላባቱን የዘር ሐረግ ይመረምሩ ነበር።

ሆኖም በጋሻ ላይ የተሣለ ሁሉ እውነት ነው ማለት አይቻልም። በዚያ ዘመን የትውልድ ሐረጉን ለማስረዘም አያት የፈጠረ ባላባት ነበር። ስለዚህ ጋሻውን በ1538 መያዝ ከጀመረው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ ከዚያ በፊት ላለውም ከኑዛዜና ከመሬት ሰነድ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

የጊሊንግ መስታወቶች ከተሠሩ ጀምሮ ከቦታቸው አልተነቃነቁም ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። በ1929 ከአዳራሹ የእንጨት ግድግዳ ጋር ለአሜሪካዊው የጋዜጣ ባለሀብት ለዊሊያም ራንዶልፍ ኸርስት ተሸጠው ነበር። ወደ መስኮቶቻቸው የተመለሱት በ1950ዎቹ ነው።