ኮንፊገር አይረሳም፦ ስለ ቢልድ ቱሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሶርስ ኮድ ሶፍትዌር ገንብቶ የጫነ ሰው ሁሉ ሦስቱን ኮማንዶች በቃሉ ይዟቸዋል፦ ኮንፊገር፣ ሜክ፣ ሜክ ኢንስቶል። አዳዲሶቹ ፕሮጀክቶች ላይ የመጀመሪያውን ቦታ ሲሜክ ወይም ሜሰን ይይዘዋል። ሲሠሩ ምን እያደረጉ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እምቢ ሲሉ ግን የብዙዎቻችን መፍትሔ አንድ ነው፦ የቢልድ ፎልደሩን ጠርጎ ማጥፋትና እንደ አዲስ መጀመር። ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለምን እንደሠራ ስለማናውቅ ግን በሳምንቱ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ከዚህ በታች ያሉት አባባሎች ከባልደረቦቼም ከራሴም አፍ የወጡ ናቸው። አብዛኞቹ የሚመነጩት ኮንፊገር ማድረግን፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ያለውን መርምሮ አገነባቡን መወሰንን፣ ከዋናው ሥራ በፊት ቶሎ የሚታለፍ ፎርማሊቲ አድርጎ ከማየት ነው። ውሳኔው ሁሉ የሚያልቀው ግን እዚያ ነው። የተወሰነው ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ የሚከተለው የተጻፈውን ነው።

«ሲሜክ ኮዱን ኮምፓይል ያደርጋል»

አያደርግም። ሲሜክ ሌላ ቱል የሚያነበውን ፋይል ይጽፋል። ሊኑክስ ላይ ዝም ብላችሁ ስትጠሩት ሜክፋይል ይጽፋል፤ ከፈለጋችሁ የኒንጃ ፋይል፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የቪዥዋል ስቱዲዮ ፕሮጀክት ያወጣላችኋል። ያንን ፋይል አንብቦ የትኛው ኮድ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚሠራ የሚያስፈጽመው ሜክ ወይም ኒንጃ ነው። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ደግሞ ሦስተኛ ወገን ነው፤ ጂሲሲ ወይም ክላንግ። ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ ሜክን ሲጽፈው ከፊቱ የሚቀድም ኮንፊገር አልነበረም፤ ማሽኑ ከተለየ ሰው ሜክፋይሉን ከፍቶ በእጁ ያስተካክል ነበር። ኮንፊገር የሚባለውን ስክሪፕት የሚያመነጨው አውቶኮንፍ በ1991 የመጣው የዩኒክስ ሲስተሞች እርስ በርሳቸው ተለያይተው ያ የእጅ ሥራ አላልቅ ሲል ነው።

ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ኤረር ሲመጣ ነው። መጀመሪያ «ይህን የተናገረው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፓኬጅ አላገኘሁም የሚለው ሲሜክ ነው። ይህን ፋይል የምሠራበት መመሪያ የለኝም የሚለው ሜክ ነው። ሄደር ፋይል (የላይብረሪ ፈንክሽኖችን ለኮዱ የሚያስተዋውቅ ፋይል) ጠፋብኝ የሚለው ብዙውን ጊዜ ኮምፓይለሩ ነው። የአንዱን ጥፋት ሌላው ጋ የሚፈልግ ሰው ቀኑ ይመሽበታል።

«ኮምፓይለር ቀይሬ ኮንፊገርን ከደገምኩት አዲሱን ይወስዳል»

በዚህኛው እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ቀን ከፍያለሁ። ክላንግ የሚያወጣውን አንድ ማስጠንቀቂያ ማየት ፈልጌ የትኛው ኮምፓይለር እንደሚጠራ የሚናገረውን፣ ሲሲ የሚባለውን የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ክላንግ አደረግኩት። ሲሜክን ደገምኩ፤ በሰላም አለቀ። ቢልድ አደረግኩ፤ ማስጠንቀቂያው የለም። ፍላግ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ አጭር ትእዛዝ) ቀያየርኩ፣ ተርሚናሉን ዘግቼ ከፈትኩ፣ ክላንግን አራግፌ እንደገና ጫንኩት። የቢልድ ፎልደሩ ውስጥ የተቀመጠውን ሲሜክካሽ የሚባል የጽሑፍ ፋይል የከፈትኩት ማታ ላይ ነው። እንዲህ የሚል መስመር አገኘሁ፦

ሲሜክ_ሲ_ኮምፓይለር:ፋይልፓዝ=/ዩኤስአር/ቢን/ጂሲሲ

ከወር በፊት ፎልደሩን ስፈጥር የተጻፈ ነው። ሲሜክ ያንን ቫሪያብል የሚመለከተው ፎልደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮንፊገር ሲደረግ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያምነው ካሹን ነው። ቀኑን ሙሉ ለማይሰማ ሰው ስናገር ውያለሁ።

ካሹ የሚይዘው ኮምፓይለሩን ብቻ አይደለም። አንድ ላይብረሪ ካገኘ የት እንዳገኘው ይጽፋል፤ እናንተ አዲስ ቨርዥን ሌላ ቦታ ብትጭኑ የድሮውን መንገድ ይዞ ይቀጥላል። ያላገኘውን ግን በየጊዜው ደግሞ ይፈልጋል። ስለዚህ የጎደለ ነገር ጭናችሁ ስትደግሙት ሲሠራ ያየ ሰው «ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው የሚፈትሸው» ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ባለፈው ሳምንት ሲሜክን ስትጠሩ በሰረዝ ዲ የሰጣችሁት ኦፕሽንም ዛሬ ባትሰጡት እንኳ አለ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ፕሮጀክቱ ራሱ የአንድን ኦፕሽን መነሻ ከጠፋ ወደ በራ ይቀይረዋል እንበል። ዛሬ ሥራ የጀመረ ባልደረባችሁ የበራውን ያገኛል፤ ካሻችሁ ውስጥ የድሮው ስለተጻፈ እናንተ በጠፋው ትቀጥላላችሁ። ኮዳችሁ አንድ፣ ቨርዥናችሁ አንድ፣ ውጤታችሁ ሁለት። «እኔ ጋ ይሠራል እኮ» የሚባለውን ክርክር ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ከ3.24 ቨርዥን ጀምሮ ሲሜክ ፍሬሽ የሚል ኦፕሽን አለው፤ ካሹን ጥሎ ከመነሻው ይጀምራል። ለኮምፓይለር ለውጥ ግን እኔ ሁለት ቢልድ ፎልደር መያዝን እመርጣለሁ፤ አንዱ ለጂሲሲ፣ አንዱ ለክላንግ። ዲስክ ይፈጃል፤ ጠብ ግን የለም።

«ምንም ካልነገርኩት ጥሩውን ይመርጥልኛል»

አውቶኮንፍ እዚህ ላይ ደግ ነው፤ ጂሲሲን ካገኘ ሰረዝ ጂ (የስህተት መፈለጊያ መረጃ ጨምር) እና ሰረዝ ኦ2 (ኮዱን አፍጥን) ብሎ ይነሳል። ሲሜክ በሜክ ወይም በኒንጃ ሲሠራ ግን ፕሮጀክቱ ራሱ ካልሞላው በቀር የቢልድ ታይፑ ባዶ ነው። ባዶ ማለት ዲበግም (ስህተት ለመፈለግ የሚሠራው) ሪሊዝም (ለተጠቃሚ የሚወጣው) ያልሆነ ነው፤ ኮምፓይለሩ ያለ ምንም ማፍጠኛ ይጠራል። አንድን ፕሮግራም ከሶርስ ገንብተው «ከፓኬጁ ይልቅ ይንቀራፈፋል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን መስመር አልሞሉም። ሪሊዝ ሲባል ጂሲሲና ክላንግ ላይ ሰረዝ ኦ3 ይጨመራል፤ አብሮ የሚመጣው ኤንዲበግ ደግሞ አሰርት የሚባሉትን ፍተሻዎች ያጠፋቸዋል። አሰርት ውስጥ እውነተኛ ሥራ የደበቀ ፕሮግራመር ሪሊዝ ላይ ሥራው ይጠፋበታል፤ አይቻለሁ። ቪዥዋል ስቱዲዮ የምትጠቀሙ ደግሞ ቢልድ ታይፕን ኮንፊገር ላይ መስጠት አይጠቅማችሁም፤ የሚመረጠው ቢልድ ሲደረግ ነው።

«ፕሪፊክስ የመጫኛ ቦታ ብቻ ነው፤ በኋላ ፎልደሩን ማዛወር ይቻላል»

አንዳንዴ ይቻላል፣ ብዙ ጊዜ ግን አይቻልም። አውቶኮንፍም ሲሜክም ዩኒክስ ላይ ካልተነገራቸው /ዩኤስአር/ሎካል ብለው ይነሳሉ። ፕሮግራሙ ሴቲንጉን፣ ፕላጊኑን ወይም የትርጉም ፋይሉን ከተወሰነ ፎልደር የሚያነብ ከሆነ ያ አድራሻ ኮምፓይል ሲደረግ ፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፎ ይገባል። ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ ስትሪንግስ የሚባለውን ኮማንድ በተጫነው ፕሮግራም ላይ አስኪዱና ከሚወጣው ጽሑፍ መካከል ሎካል የሚለውን ፈልጉ። ፎልደሩን ብታዛውሩትም ያ ጽሑፍ አይዛወርም።

ፓኬጅ የሚያዘጋጁ ሰዎች ፋይሎቹን ለጊዜው አንድ ቦታ ማጠራቀም ስለሚፈልጉ ፕሪፊክሱን ወደ ጊዜያዊ ፎልደር ሲያዞሩት አያለሁ። ለዚህ የተሠራው ዴስትዲር ነው። ፕሪፊክስ ፕሮግራሙ የሚኖርበት ቤት ነው፤ ዴስትዲር ዕቃው ለጊዜው የሚራገፍበት ግቢ። ፕሪፊክሱ /ዩኤስአር፣ ዴስትዲሩ /ቲኤምፒ/ፓኬጅ ቢሆን ፋይሉ የሚያርፈው /ቲኤምፒ/ፓኬጅ/ዩኤስአር/ቢን ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ስለ ቲኤምፒ የሚያውቀው ነገር የለም። ዴስትዲር የሚሰጠውም ኢንስቶል ሲደረግ ነው፤ ኮንፊገር ላይ አይደለም።

«ሱዶ ካስቀደምኩበት ሁሉም ያልፋል»

ያልፋል፤ ችግሩም እሱ ነው። ሱዶ የሚሰጠው የሩት (የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ፈቃድ የሚያስፈልገው የመጨረሻው፣ የመጫኑ ሥራ ብቻ ነው፤ ፕሪፊክሱ የራሳችሁ ሆም ፎልደር ከሆነ ደግሞ እሱም አያስፈልገውም። ኮንፊገርን በሱዶ ያስኬደ ሰው በማግስቱ የራሱ ፎልደር ውስጥ የራሱን ፋይል መለወጥ ያቅተዋል፤ የፋይሎቹ ባለቤት ሩት ሆኗልና።

«ላይብረሪው ተጭኗል፤ የተበላሸው ኮንፊገሩ ነው»

የተጫነው የላይብረሪው ግማሽ ነው፤ ፕሮግራም ሲሮጥ የሚያስፈልገው። ኮድ ለመገንባት ሄደር ፋይሎች ያስፈልጋሉ፤ እነሱን ዴቢያንና ኡቡንቱ መጨረሻው ዴቭ በሚል፣ ፌዶራ ደግሞ ዴቬል በሚል ሌላ ፓኬጅ ነው የሚያቀርቧቸው። ላይብረሪውን በእጃችሁ ሌላ ቦታ ጭናችሁት ከሆነ ደግሞ ላይብረሪ የት እንዳለ ለቢልድ ቱሉ የሚነግረው ፒኬጂኮንፊግ የት እንደሚፈልግ ሊነገረው ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይከፍተው አንድ ፋይል አለ፤ ኮንፊግ ዶት ሎግ። ኮንፊገር ስክሪን ላይ የሚጽፈው «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው። ሎጉ ውስጥ ግን እያንዳንዱን ጥያቄ እንዴት እንደጠየቀ ተጽፏል። አንድ ፈንክሽን መኖሩን ለማወቅ ጥቂት መስመር ያለው የሲ ፕሮግራም ይጽፋል፣ ኮምፓይል ለማድረግ ይሞክራል፣ ኮምፓይለሩ የመለሰውንም እንዳለ ያሰፍራል። የሚያሳስተው የፋይሉ አሠራር ነው፤ እንደ ሌላ ሎግ ወደ ታች ወርዳችሁ ብትፈልጉት የምታገኙት ረጅም የቫሪያብል ዝርዝር ነው። ስክሪኑ ላይ የወደቀውን ፍተሻ ስም ወስዳችሁ ፋይሉ ውስጥ ፈልጉት፤ ምክንያቱ እዚያው ሥር ነው። «ሲ ኮምፓይለሩ ፕሮግራም መፍጠር አልቻለም» የሚለው ዝነኛ ኤረር ኮምፓይለሩ ተበላሸ ማለት ይመስላል፤ ሎጉ ሲከፈት ግን ብዙ ጊዜ ራሳችን ሲፍላግስ (የኮምፓይለሩ ፍላጎች የሚጻፉበት ቫሪያብል) ውስጥ በስህተት የጻፍነው ፍላግ ሆኖ ይገኛል።

«ኮንፊገር ካለፈ የጎደለ ነገር የለም»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ይመስለኛል። ብዙ ፕሮጀክቶች አማራጭ የሆነ ላይብረሪ ሲያጡ አይቆሙም፤ ፊቸሩን አጥፍተው ያልፋሉ። ፕሮግራሙ ይገነባል፣ ይጫናል፤ ከወር በኋላ አንዱ ፋይል አልከፍት ይላል።

ይህ ዝምታ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል በ2024 ታይቷል። ኤክስዜድ በተባለው የማመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቨርዥኖች፣ ድብቅ መግቢያ ተገኘ፤ የኤስኤስኤች (ወደ ሌላ ማሽን ከርቀት መግቢያ) መዘግየት አሳስቦት ሲቆፍር ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው። መግቢያው የተደበቀው በቢልድ ስክሪፕቱ በኩል ነበር፤ ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ያለ፣ ጊት ላይ (የሶርስ ኮዱ ማከማቻ ውስጥ) ግን የሌለ የኤምፎር ፋይል (ኮንፊገር የሚሠራበት ስክሪፕት) ኮንፊገር ሲሮጥ ሥራውን ይጀምራል። ከዚያ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ትንሿ ነገር ናት። በሲሜክ ፋይሉ ውስጥ ላንድሎክ የሚባለው የሊኑክስ መከላከያ መኖሩን የሚፈትሽ አጭር የሲ ኮድ ነበረ፤ እዚያ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብቻዋን ተቀምጣለች። በነጥቧ ምክንያት የፍተሻው ኮድ የትም ማሽን ላይ ኮምፓይል አይሆንም፤ ሲሜክም «ላንድሎክ የለም» ብሎ መከላከያውን አጥፍቶ ያልፋል። ኤረር የለም፣ ቀይ መስመር የለም።

ስለዚህ ኮንፊገር መጨረሻ ላይ የሚያወጣውን ማጠቃለያ አንብቡት። የሚያስፈልጋችሁን ፊቸር በስሙ ጥሩና አብሩት፤ በደንብ የተጻፈ ፕሮጀክት በግልጽ የተጠየቀውን ነገር ካጣ ይቆማል እንጂ አያልፍም።

«ፍላግ ከቀየርኩ ሜክ ራሱ አውቆ እንደገና ይሠራዋል»

ሜክ የሚያወዳድረው የፋይሎችን ሰዓት ነው። ሲፍላግስን በኮማንዱ ላይ ብትቀይሩ የማንም ፋይል ሰዓት ስላልተነካ «ሁሉም ወቅታዊ ነው» ብሎ ይቀመጣል፤ ወይም ዛሬ የነካችኋትን አንዲት ፋይል ብቻ በአዲሱ ፍላግ ሠርቶ ከድሮዎቹ ጋር ይቀላቅላታል። ኒንጃ እያንዳንዱ ፋይል በየትኛው ኮማንድ እንደተሠራ ስለሚመዘግብ ኮማንዱ ሲለወጥ ያውቃል።

ስንት ሥራ ባንድ ጊዜ እንዲሠራ ስለሚነግረው ሰረዝ ጄም እግረ መንገዴን፦ ሜክ ላይ ያለ ቁጥር ከጻፋችሁት ገደብ የለሽ ማለት ነው። ትልቅ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮጀክት ላይ ሜሞሪው አልቆ ማሽኑ ሲደርቅ ታያላችሁ። የፕሮሰሰሩን ኮር ቁጥር ስጡት።

«ካልፈለግኩት ሜክ አንኢንስቶል ይመልሰዋል»

ከአውቶኮንፍ ጋር አብሮ ሜክፋይል የሚያዘጋጀውን አውቶሜክ የሚጠቀሙ ፕሮጀክቶች ላይ ይህ ኮማንድ አለ። ሲሜክ ግን ከራሱ አንኢንስቶል አያቀርብም፤ የፕሮጀክቱ ጸሐፊ ካልጻፈው የለም። ያለው ኢንስቶል ማኒፌስት የሚባል የጽሑፍ ፋይል ነው፤ የተጫነው እያንዳንዱ ፋይል ከነሙሉ አድራሻው በየመስመሩ ተዘርዝሮበታል። ዝርዝሩን ይዞ አንድ በአንድ ማጥፋት ይቻላል። ፋይሉ የሚቀመጠው የቢልድ ፎልደሩ ውስጥ ነው፤ ያ፣ ነገር እምቢ ባለ ቁጥር መጀመሪያ የምንጠርገው ፎልደር ውስጥ።