በሐዋሳ ዙሪያ ገጠሮች በክፋት ለወደመ ንብረት የሚጠየቅ ካሳ

በሐዋሳ ዙሪያ ባሉ የሲዳማ ቀበሌዎች በቂም የሚወድመው ንብረት አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ጓሮ ያለው ነው፤ በሌሊት የተጨፈጨፈ እንሰት፣ የተገነደሰ ቡና፣ የፈረሰ አጥር። ነገሩ መጀመሪያ የሚቀርበው ለሶንጎ፣ ማለትም ለሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። በዚያም «አፊኒ» («ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት) እየተባባሉ ሀላሌን፣ እውነቱን፣ ያወጣሉ።

አጥፊው ቢያምን እንኳ ግምቱ ላይ ክርክሩ ይከራል። እንሰት እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከፍታ ለመድረስ 4 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ በቁጥር ብቻ «20 እግር» ብሎ መገመት ባለቤቱን ይበድላል። የደረሰ ግንድ ቶሎ ከተፋቀ ቆጮና ቡላ ስለሚወጣው፣ የተረፈው ከካሳው ይቀነሳል። የ2 ዓመቱ ግን የረባ የሚፋቅ የለውም፤ እንደገና ተተክሎ እዚያ ዕድሜ እስኪደርስ ያለው ጊዜ መታሰብ አለበት። ብዙ ሰው ማስረጃ ይጠፋብኛል ብሎ ግንዱን ያበሰብሰዋል፣ ወይም ሳያስመዘግብ ይፍቀዋል። የሚበጀው በዚያው ቀን የቀበሌ ኃላፊና ሁለት ጎረቤት ባሉበት በየዕድሜው መቁጠር፣ ጉቶውን ካልተነካው እንሰት ጋር በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ የግብርና ባለሙያ በጽሑፍ እንዲገምተው ማድረግ፣ ከዚያ መፋቅ ነው። ከአንድ ግንድ ስንት ቆጮ እንደሚወጣ ጠንቅቃ የምታውቀው ፋቂዋ ሴት ናት፤ ሶንጎው ግን በልማድ የወንዶች ነው። እሷ ሳትጠየቅ የተቆረጠ ግምት ጎዶሎ ነው።

ቡና ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተቆረጠ ያቆጠቁጣል፤ ካሳው እስኪያገግም የሚቀሩት ምርቶች ናቸው። ከሥሩ ከተነቀለ ግን እንደ አዲስ ተክል ይታሰባል።

ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል እንዲሆን እንደሚያዝ (አንቀጽ 2091)፣ ልኩ በትክክል ካልታወቀም ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው ልክ፣ እንደሚወስን (2102) ይወቅ። የካሳ ክስ በመደበኛው በ2 ዓመት ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ማለፍ) ይታገዳል። በአቤቱታ ብቻ ለሚያስቀጣ ተራ የንብረት ጉዳት የወንጀል አቤቱታ የሚቀርበው በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ሽምግልናው ሲጓተት ይህ ቀን ያልፋል።

አጥፊው ካልታወቀ ጎሳውን በሙሉ ማስከፈል ንጹሐንን መቅጣት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2142 የጋራ ክፍያን የሚፈቅደው ጉዳቱን ሊያደርሱ ይችሉ በነበሩት ተለይተው በታወቁ ሰዎች መካከል፣ ያውም ርትዕ ሲያስገድድ ብቻ ነው።

ዕርቁ በጽሑፍ ይሁን፤ የእግሩ ብዛት፣ ዕድሜው፣ ገንዘቡና የሚከፈልበት ቀን ይግባበት። ካሳው በከብት ከሆነ ዕድሜዋና መልኳ ይጻፍ፤ «አንድ ጊደር» ተብሎ የታለፈ ስምምነት በርክክቡ ቀን እንደገና ያጣላል።