ኤች-ኢንዴክስ ምንድን ነው?

ኮምቦልቻ የሚያስተምር የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ጓደኛ አለኝ። ባለፈው ደሴ ፒያሳ ሻይ እየጠጣን ሳለ አብሮን የነበረ ተማሪው ስልኩን እያየ «መምህር፣ ኤች-ኢንዴክስዎ አምስት ነው አይደል?» አለው። አምስቱ ምን እንደሆነ እኔ አልገባኝም። ጓደኛዬ የሻዩን ደረሰኝ ገልብጦ እስክሪብቶ አወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተመራማሪ ሲጽፍ የተጠቀመበትን የሌላ ሰው ሥራ ስም ጠርቶ ይመዘግባል። ይህ መጠቀስ ሳይቴሽን ይባላል። ጓደኛዬ ስምንት ጽሑፎቹን ብዙ ከተጠቀሰው ጀምሮ አሰለፋቸው፤ 41፣ 17፣ 9፣ 6፣ 5፣ 3፣ 1፣ 0። ከዚያ ከፊት ይቆጠራል። አምስተኛው ጽሑፍ አምስት ጊዜ ተጠቅሷል፣ ስለዚህ አለፈ። ስድስተኛው ግን ስድስት መድረስ ሲገባው ሦስት ላይ ቀረ። ቆጠራው እዚያ ይቆማል። ቢያንስ አምስት አምስት ጊዜ የተጠቀሱ አምስት ጽሑፎች አሉት፣ ኤች-ኢንዴክሱም 5 ሆነ።

ይህን መለኪያ በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የካሊፎርኒያ ፊዚክስ ሊቅ ነው። ማንም ያላነበባቸውን ጽሑፎች መደርደር ቁጥሩን አያሳድገውም። አንድ ጽሑፍ ብቻ በጣም ቢታወቅም ለውጥ የለም፤ 41 የነበረው 4,000 ቢሆን ጓደኛዬ ያው 5 ነው።

ግን ሰውን በዚህ ቁጥር ብቻ ሲመዝኑ በጣም ያናድደኛል። ጓደኛዬ ከአገራችን ተክሎች ንጥረ ነገር ለይቶ ያወጣል፤ አንዷ ጽሑፍ ምን እንደምትፈጅ አይቻለሁ። ቅጠሉ ጥላ ሥር ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ሜታኖል የሚባል አልኮል ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ረጅም የመስታወት ቱቦ አለ፣ ነጭ የሲሊካ ዱቄት የተሞላ። ጥቁር አረንጓዴው ጭማቂ ከላይ ይገባል። ቀስ እያለ ሲወርድ ይለያያል፤ ብጫው ይቀድማል፣ አረንጓዴው ይከተላል። ከአንድ ማዳበሪያ ቅጠል በመጨረሻ የሚተርፈው በጥፍር ጫፍ የሚነሳ ዱቄት ነው። በአንድ የአገራችን ተክል ላይ የሚሠሩት ደግሞ ጥቂት ሰዎች ስለሆኑ የሚጠቅሰውም ጥቂት ነው። ብዙ ሺህ ሰው ከሚጽፍበት የሕክምና ዘርፍ ጋር ማወዳደር ልክ አይደለም። ጀማሪውንም ከአንጋፋው ጋር እንዲሁ፤ ቁጥሩ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በዚያ ላይ ሳይቴሽን የሚቆጥሩት መዝገቦች ይለያያሉ፤ የጉግል የምርምር መፈለጊያ ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍና መጽሐፍም በሰፊው ስለሚቆጥር ብዙ ጊዜ ስኮፐስ ከሚባለው መዝገብ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ቁጥር ሲነገራችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

እንዶድን አስቡ። አያቴ ቦርከና ዳር ጋቢ የምታጥብበት ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ናቸው። በኋላ ኬሚስቶች ገዳዩን ንጥረ ነገር ለይተው በእሳቸው ስም ሌማቶክሲን አሉት። የዚህን ሥራ ክብደት የትኛው ሰልፍ ይለካዋል?

ጓደኛዬ ወደ 6 ለማደግ አራት ሳይቴሽን ይቀረዋል፤ አንድ ለአምስተኛው ጽሑፍ፣ ሦስት ለስድስተኛው። ከሁሉም አብልጦ የለፋበት ይኸው ስድስተኛው ነው።